አስር ፊደልና ሁለት ክፍት ቦታ

እስካሁን አብራችሁኝ የዘለቃችሁ አንባቢዎች ቆጥቋጣ መሆኔን ታውቃላችሁ። ዛሬ ለምትቀላቀሉኝ ደግሞ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ማሳጠር እንደሆነ ሥራዬ ነው።

የምሠራው ትንንሽ መሣሪያዎችን ነው። ከክብሪት ሳጥን የማትበልጥ ዕቃ ክትባት የሚቀመጥበት ፍሪጅ ውስጥ ትገባለች። በየአስር ደቂቃው ቅዝቃዜውን ትለካለች፤ የለካችውን ጣራ ላይ ለተሰቀለው አስተላላፊ ትልካለች፤ አስተላላፊው ደግሞ ወደ መዝገባችን ያደርሰዋል። መዝገቡ ብሎክቼይን የሚሉት ነው። እያንዳንዱ መስመር ከፊቱ ያለውን መስመር አሻራ ይዞ ስለሚገባ፣ አንዷን መስመር ልፋቅ ያለ ሰው ከእሷ በኋላ ያለውን ሁሉ ማፍረስ ይኖርበታል፤ ቅጂው ደግሞ ብዙ ቦታ ስላለ ወዲያው ይነቃበታል። በሙቀት የተበላሸ ክትባት «ሲቀዘቅዝ ነው የከረመው» ተብሎ ለሕፃን እንዳይወጋ የሚያደርገው ይህ ነው። አንዴ የገባ ነገር አይወጣም።

ችግሩ ሳጥኗ አቅም የላትም። ባትሪዋ የኮት ቁልፍ ታክላለች፤ በእሷ ሁለት ዓመት መኖር አለባት። መዝገቡን ሙሉ ልሸከም ብትል በአንድ ቀን ታልቃለች። ስለዚህ የተቀጠርኩት ለመቁረጥ ነው። መዝገቡን አውጥቼ የመጨረሻዋን መስመር አሻራ ብቻ ተውኩላት። ሚሞሪዋን ቆረጥኩ። መብራቷን ቆረጥኩ። በመጨረሻ ሰዓቷንም ቆረጥኩት፤ ሰዓት ሌላው ሁሉ ተኝቶ እንኳን ሲቆጥር የሚያድር ነገር ነው፣ ባትሪ ይበላል። ሰዓቱን አስተላላፊው ይምታበት፣ መረጃው እጁ በገባ ጊዜ፣ አልኩ። ሁሉም ተስማማ።

የተቃወመኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም መሐንዲስ አልነበረም። የድርጅታችን ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር። እጁ ሁልጊዜ ስለሚቀዘቅዝ ጓደኞቹ በረዶ ይሉታል። ስብሰባው ላይ ወንበር እያለ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር የሰማኝ።

«ይቅርታ፣ አስተላላፊው ቢበላሽስ?» አለ።

«ሳጥኗ ያልተላከውን ይዛ ትቆያለች። ሲነሳ ትልከዋለች።»

«መቼ እንደለካችው ግን አትናገርም።»

«የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ትናገራለች» አልኩት።

«እሱ ለሳጥኗ ይበቃታል። ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው መቼ ብሎ ነው።»

ጥቂቶች ሳቁ። በጠረጴዛው ራስ የተቀመጠው አባቴ አልሳቀም፤ ድርጅቱ የእሱ ነው፣ የሚስቀውም ሲያስፈልግ ነው። እኔ «ሰዓት ማለት አራት ወር ባትሪ ነው» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ሰው ሲበተን በረዶ በአጠገቤ አለፈና እኔ ብቻ እንድሰማው አድርጎ «ቆጥቋጣ ነሽ» አለኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ እቀየመው ነበር። እሱ ስላለኝ ግን ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ።

* * *

በረዶን የመደቡት ከሁሉ ርቆ ወዳለው ክሊኒክ ነው፤ በአውቶቡስ ሁለት ቀን። ስልክ አይሠራም። ከዚያ የሚወጣ ድምፅ ቢኖር የእኔ ሳጥን ብቻ ነበረች።

ሳጥኗ ላይ አንዲት ትርፍ ነገር ትቼ ነበር፤ የጥገና ማስታወሻ መጻፊያ ቦታ። ባለሙያው ኔትወርክ ባይኖርም በቅርቧ ሆኖ በስልኩ ይጽፋል፣ ሳጥኗ ከልኬቱ ጋር ትልከዋለች፤ እኛም ቢሮ ካለችው የሙከራ ሳጥን መልስ መጻፍ እንችላለን። ሠላሳ ሁለት ባይት ነበር የሰጠኋት። የእኛ ፊደል አንዱ ሦስት ባይት፣ ክፍት ቦታ ደግሞ አንድ ስለሚወስድ፣ ቢጣበቅ ቢጣበቅ አስር ፊደልና ሁለት ክፍት ቦታ ነው የሚይዘው። «በሩ ተጠገነ» ለማለት ይበቃል ብዬ ነው።

መጀመሪያ የጻፈውም «በሩ ተጠገነ» ብሎ ነው። በማግስቱ «ዛሬ ዘነበ» አለ። ዝናብ ከፍሪጅ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ስገረም፣ በሦስተኛው ቀን «ቆጥቋጣ ደህና ነሽ?» የሚል መጣ። የመለስኩት «ደህና ነኝ በረዶ» ብዬ ነው።

አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። በአስር ፊደል መዋሸት አይመችም፤ መሽኮርመምም አይመችም። ሌላው ሁሉ ስለማይገባ የሚቀረው እውነቱ ነው። «ድምፅሽ ናፈቀኝ» ይላል በጠዋት፤ ሥራ ቦታዬ ላይ እንደ እሳት የሚሞቀኝ ነገር ይሆናል። ለመለዋወጫ ወደ ከተማ ሲመጣ ከወርክሾፑ ጀርባ ባለችው ሻይ ቤት እንገናኛለን። ሻዩን በሁለት እጁ ይይዛል፤ እጁን ለማሞቅ ነው ይለኛል፣ ለማሞቅማ እኔ ነበርኩለት። ከጠረጴዛው ማዶ ፊቴን ሲያየኝ ፍሪጅ ከፍቶ የሚያዳምጥ ይመስላል፤ የቱ ጋ እንደሚያመኝ ሳልነግረው ያውቃል።

አባቴ ሲሰማ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ሰውየው ክፉ ነው አላልኩም» አለኝ። «እኔ ካርቶን በትከሻዬ ተሸክሜ ነው መድኃኒት መሸጥ የጀመርኩት። ያንን ኑሮ አንቺ እንዳታይው ብዬ ነው ይህን ሁሉ የሠራሁት። አሁን በገዛ እጅሽ መልሰሽ ወደ ቤቴ ልታስገቢው ነው?»

«አባዬ፣ ሥራውን አይደለም የማገባው።»

«ሥራው ነው የሚያገባሽ ልጄ» አለና መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ በኋላ ለወራት ስሙን ባነሳሁ ቁጥር ጋዜጣውን ገልጦ ማንበብ ይጀምር ነበር። ያለፈው ሳምንት ጋዜጣ እንኳ ቢሆን።

* * *

አሁን የምነግራችሁን ቀን በቀን ያዙልኝ፤ እኔ ያልያዝኩት እሱን ነውና።

በረዶ በቀጣዩ ቅዳሜ ወደ ከተማ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት «ቅዳሜ ልቀበልህ?» ብዬ ጻፍኩለት። መልስ አልመጣም። ረቡዕም አልመጣም። ቅዳሜ እለት ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ አውቶቡስ ተራ ቆምኩ። አውቶቡሱ መጣ፤ ዶሮ የያዘች ሴት ወረደች፣ ወታደር ወረደ፣ በመጨረሻ ሾፌሩ ራሱ ወረደ። እሱ የለም። እሁድ ዝም። ሰኞ ዝም። ያን ሳምንት ቢሮም እምብዛም አልገባሁም፤ ሙሉ ጊዜ ሥራዬ አባቴን መለመን ሆኖ ነበር።

ማክሰኞ ቁርስ ላይ አባቴ ዳቦውን ቆርሶ ሳይጎርሰው ቆየና «ይምጣ» አለኝ። «ቅዳሜ ምሳ ላይ ይምጣ። ዓይን ዓይኑን ልየው።»

ተነስቼ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። እየሮጥኩ ቢሮ ሄድኩና «ቅዳሜ ና አባቴ ጋ» ብዬ ላክሁ። ኩርፊያዬን ረስቼው ነበር። ያለፈው ቅዳሜ አለመምጣቱ፣ የዚያን ሁሉ ቀን ዝምታው፣ ሁሉም ይቅር ተብሏል።

ሐሙስ ከቀኑ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ስልኬ ጮኸች። አስተላላፊው ሰዓቱን መትቶበታል፤ ሐሙስ፣ አምስት ከሃያ። መልእክቱ ይህ ነበር፦

«አልመጣም አትድከሚ»

ቁጭ ብዬ ብዙ ጊዜ አየሁት። ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብዬ አላሰብኩም። ሰዓቱን ያስመታሁት እኔው ነኝ፤ በገዛ ሥራዬ እንዴት ልጠራጠር? ዘጠኝ ቀን ዘጋኝ፣ አውቶቡስ ተራ አስቆመኝ፣ አባቴ በሩን ሲከፍትለት ደግሞ አትድከሚ አለኝ። ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ሲዘጋ ተሰማኝ፤ ዛሬም ድረስ ድምፁ ይሰማኛል።

አባቴ ቢሮ ገባሁ። ፀጉሩን ተስተካክሎ ነበር። በወሩ መጨረሻ ነው የሚስተካከለው፤ ያን ቀን ግን ወሩ ገና አልተጋመሰም።

«አይመጣም» አልኩት።

ይበልሽ፣ ብዬሽ ነበር ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን አዲስ የተቆረጠውን ማጅራቱን ዳሰስ አድርጎ «አፍሮ ይሆናል ልጄ» አለኝ በቀስታ። የሰበረኝ ይህ ቃሉ ነው። አባቴ እንኳ ለበረዶ ጠበቃ ሆኖ ቆመ።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ጻፍኩ።

«እኔም አልፈልግህም»

በልማዴ ቆጠርኩት። ሠላሳ አንድ ባይት፤ አንድ ተርፎኛል። አንዲት ፊደል ቢረዝም ኖሮ ሳጥኗ አልቀበልም ትለኝ ነበር፣ እኔም እስካሳጥረው ትንፋሽ እወስድ ነበር። ልክ ሆነ፤ ላክሁት።

አርብ ጠዋት የሥራ ባልደረቦቼን ሰብስቤ የማስታወሻውን ቦታ ከሳጥኖቹ ሁሉ እንድናወጣ ሐሳብ አቀረብኩ። «ሠላሳ ሁለት ባይት ለወሬ አናባክንም፤ የስድስት ሳምንት ባትሪ ነው» አልኳቸው። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ማንም አልተከራከረኝም፤ በሩ አጠገብ ቆሞ የሚከራከረኝ ሰው አልነበረም። ማሻሻያው እስከ ምሳ ሰዓት ሁሉም ሳጥን ደረሰ። ቅዳሜ አባቴ «ከቤት ወጣ እንበል» ብሎ አክስቴ ጋ ወሰደኝ። ስልኬን ዘጋሁ፤ በሳምንቱም ቁጥሬን ቀየርኩ። ስጨርስ እንዲህ ነኝ፤ የሚበላውን ነገር ሁሉ እቆርጣለሁ።

* * *

ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ ኦዲት መጣብን። ኦዲተሯ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች፣ ለሰው የማትቸኩል ሴት ናት። ስብሰባው ላይ አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ።

«እስቲ ይህን አስረጂኝ» አለች። «ይህ ክሊኒክ ከዓመት በፊት አንድ ሐሙስ ቀን፣ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት ጊዜ ለክቷል ይላል። ፍሪጅ ነው የሚለካው ወይስ ሩጫ ነው የያዘው?»

ሰው ሳቀ። እኔ ዓይኔ የክሊኒኩ ስም ላይ ቀረ። «አስተላላፊው ተበላሽቶ ይሆናል» አልኩ። «የተጠራቀመውን ሲነሳ አንድ ላይ ልኮት ነው። ሰዓቱ የደረሰበት እንጂ የተለካበት አይደለም።»

«የስንት ቀን ነው?»

በቀን መቶ አርባ አራት ልኬት ነው። አካፈልኩት። «የዘጠኝ ቀን» አልኩና ራሴን ሰማሁት።

ኦዲተሯ ቀጠለች። «እሺ። ከመሃል ደግሞ አንድ የጥገና ማስታወሻ አለ። ‘አልመጣም አትድከሚ’ ይላል። ምኑ ተጠግኖ ነው?»

አሁን ሁሉም ከልቡ ሳቀ። እኔ ወረቀቱን ሳብኩት። ሰዓቱን ተዉት፤ ሁሉም መስመር ላይ አንድ ነው። ተራውን ግን ማንም ሊያዛንፈው አይችልም፤ እኔ ነኝ የሠራሁት። ማስታወሻው ከመጨረሻው ልኬት በኋላ አልነበረም። ከሰባተኛው ልኬት በኋላ ነበር። አስተላላፊው በተበላሸ በአንድ ሰዓት ገደማ፤ ማክሰኞ፤ እኔ «ቅዳሜ ልቀበልህ?» ባልኩበት በዚያው ቀን።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ነበር አልመጣም ያለኝ። አውቶቡስ ተራ እንዳልቆም፣ እንዳልደክም። ጽፎልኝ ነበር፤ ሳጥኗ ዘጠኝ ቀን በጉያዋ ይዛው ከርማ የአባቴን ጥሪ ከላክሁ በኋላ ሰጠችኝ። የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ትናገራለች ብዬው ነበር። ተናግራለች፤ እኔ ነኝ ሳልሰማት የቀረሁ።

«ይቅርታ» ብዬ ከስብሰባው ወጣሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት፤ እንዳይሰሙኝ።

ቤት ስገባ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። ጋዜጣውን አጠፈው።

«ጥሪው ደርሶት ነበር ማለት ነው?» አለኝ።

«ሐሙስ አስተላላፊው ሲነሳ ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።»

«ሾፌሩ ያድርስሽ።»

«በአውቶቡስ ነው የምሄደው አባዬ። እሱ በመጣበት።»

* * *

አዲስ ሳጥን ይዤ ነው የሄድኩት፤ የአሮጌዋ ባትሪ ሊያልቅ ተቃርቧል፣ መቀየሯም ሥራ ነው። አዲሷ ላይ ሰዓት አስገብቼላታለሁ። አራት ወር ባትሪ ትበላለች። ትብላ።

ክሊኒኩ ሦስት ክፍል ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ እናቶች ሕፃን ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። ነርሷ ጓንቷን እያወለቀች መጣች። ሰፊ ሴት ናት፤ አተኩራ ስታየኝ ቆየች።

«አንቺ ነሽ ቆጥቋጣዋ?» አለችኝ።

ከአንድ ዓመት ወዲህ ማንም በዚህ ስም አልጠራኝም ነበር። ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

«ቁመትሽን አሳንሶ ነው የነገረኝ» አለች፤ ፊቷ ላይ ግን ሳቅ አልነበረም። «ነይ ግቢ። እዚህ በር ላይ የሚወራ አይደለም።»

የፍሪጁ ክፍል ገባን። ያች ሳጥን መስታወቱ ላይ ተለጥፋለች፤ ጠርዟ ተልጧል። ነርሷ በርሜል ላይ ተቀመጠች።

«ሐሙስ ጠዋት ጣራ ላይ ወጥቶ ያንን አስተላላፊ ጠገነው» አለችኝ። «ገና ሳይወርድ ስልኩ ጮኸች። እዚያው ጣራ ላይ ቁጭ አለ። ‘ሲስተር፣ አባቷ ጠሩኝ!’ ብሎ ሲጣራ በሽተኛው ሁሉ ነው የሰማው። በምሳ ሰዓቱ አውቶቡስ ሄደ። የባሌን ኮት አዋስኩት፤ እጅጌው አጥሮታል፣ እሱ ግን አላስተዋለውም።»

«መጥቶ ነበር?» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

«መጣ እንጂ። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት በራችሁ ላይ ነበር። ዘበኛው ‘ቤተሰቡ ወጥቷል፣ እንግዳ አለ አልተባልኩም’ አለው። ስልክሽ ዝግ ነው። እስከ አስር ሰዓት ከአጥሩ ማዶ ቆመ። ፀሐዩ ላይ፣ በዚያ ኮት። ሰኞ ሲመለስ ያንቺ መልእክት እዚህ ጠበቀው።»

እኔም አልፈልግህም። ሠላሳ አንድ ባይት።

«ተናደደ?»

«አልተናደደም። ያስለቀሰኝ እሱ ነው። እዚህ ጋ ቆሞ አሰበ አሰበና ገባው። ‘ሲስተር፣ የማክሰኞ መልሴ ሐሙስ ነው የደረሳት። እምቢ ያልኳት መስሏታል። ሰዓት አስገቢ ብያት ነበር’ አለና ሳቀ። ‘አሁኑኑ እነግራታለሁ፣ እሷ ከማንም በላይ ይገባታል’ አለ። ጻፈልሽ። በማግስቱም ጻፈልሽ። አስር ፊደል ስለማትበቃው ከፋፍሎ ከፋፍሎ፣ በየጠዋቱ፣ ክትባቱን ከመቁጠሬ በፊት። አርባ ቀን። ስልኩ ላይ ‘ተልኳል’ የምትል አረንጓዴ ምልክት ትበራለታለች። ‘በራች ሲስተር፣ ደርሷታል’ ይለኛል። አንቺ ግን አንዲት ቃል አልመለስሽም። በአርባኛው ቀን ‘አንብባዋለች፤ ይበቃል’ አለ።»

ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያች አረንጓዴ ምልክትም የእኔ ሥራ ናት። ከአንድ በላይ መረጃ እንዳትይዝ አድርጌ ነው የሠራኋት፤ ደርሷል ትላለች፣ ምን እንደደረሰ አትልም። የሚደርሰኝ ልኬቱ ብቻ ነበር። አራት ዲግሪ፣ አምስት ዲግሪ፣ አራት ዲግሪ። ቃሎቹን በየጠዋቱ የምትጥላት ሳጥኗ ናት፤ ጣይ ብዬ ያዘዝኳት እኔ። አንድም አላነበብኩም።

«አልደረሰኝም ሲስተር» አልኳት። «ቦታውን ቆርጬው ነበር። አርብ ቀን። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

ነርሷ ከበርሜሉ ወርዳ አጠገቤ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። ከውጭ አንድ ሕፃን መርፌ ተወግቶ ሲያለቅስና እናቱ ስታባብለው ይሰማል።

«የት ነው ያለው?» አልኩ በመጨረሻ።

እጄን ያዘችኝ። ከመናገሯ በፊት አወቅሁ።

«አግብቷል እህቴ። ሁለት ወሩ ነው፣ እናቱ ያለችበት ከተማ። ሠርጉ ላይ ነበርኩ። አስተማሪ ናት። ክፉ ብትሆን ደስ ባለሽ ነበር፤ ግን ጥሩ ልጅ ናት፣ ታከብረዋለች። አትሂጂበት።»

«አልሄድበትም።»

«ብትነግሪው አይድንም፤ ይታመማል እንጂ።»

«አውቃለሁ» አልኳት። እውነቴን ነው፤ አውቄዋለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ያ ነበር። የበደለኝ ሰው ቢኖር እጠላው ነበር፣ በጥላቻ ቀጥ ብሎ መሄድ ይቻላል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ክፉ ሰው የለም። አባቴ ፀጉሩን ተስተካክሎ ነበር። እሱ ኮት ተውሶ ነበር። እኔ ባትሪ ቆጥቤ ነበር።

* * *

ሳጥኗን ለመንቀል ስነሳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሳጥኗ ማስታወሻውን አትልክም እንጂ መጀመሪያ ትቀበለዋለች። ሚሞሪዋ ጠባብ ስለሆነ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ላይ ይጻፋል። ከአርባው ሠላሳ ዘጠኙ ጠፍተዋል። የመጨረሻው ግን ማንም አልጻፈበትም።

ገመዱን አወጣሁ። ኮምፒውተሬን ፍሪጁ ላይ አስቀምጬ ሳጥኗን አገናኘኋት። ባትሪዋ ሁለት ከመቶ ላይ ነች። ጠየቅኋት፤ መለሰችልኝ።

«ደህና ሁኚ ቆጥቋጣዬ»

ቆጠርኩት። ልማድ ነው፣ እያለቀስኩም እቆጥራለሁ። አስር ፊደልና ሁለት ክፍት ቦታ። ሠላሳ ሁለት። ምንም አልተረፈውም። ያን ያህል ጊዜ የከፋፈለውን ሁሉ ትቶ፣ ከሰጠሁት ቦታ አንዲት ባይት ሳያባክን የሚሞላ ቃል ፈልጎ ነበር ሊሰናበተኝ። ቆጥቋጣዬ አለኝ። ያን ሁሉ ዝም ብዬው እንኳን የእኔ አለኝ።

«ገልብጪው እንጂ» አለችኝ ነርሷ ከኋላዬ። «መዝገቡ ላይ ለምን አታስገቢውም? እዚያ የገባ አይጠፋም ይለኝ ነበር።»

«ካስገባሁት በእኔ ፊርማ ነው የሚገባው» አልኳት። «እኔ ያልኩት ይሆናል። እሱ ያለኝ እዚህች ውስጥ ብቻ ነው።»

መዝገቡ ላይ የእኔ ቃል አለ። እኔም አልፈልግህም። ብዙ ቦታ ተቀድቷል፤ እኔ ብሞት እንኳ አይፋቅም። የእሱ ቃል ደግሞ የኮት ቁልፍ በምታክል ባትሪ ላይ ቆሟል፤ እሷ ስታልቅ አብሮ ይጠፋል። እንዲህ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ።

እንደገና ጠየቅኋት። እንደገና መለሰችልኝ። ባትሪዋ አንድ ከመቶ ሆነ።

«ንቀያት በቃ፣ ልታልቅ ነው» አለችኝ ነርሷ።

«ትለቅ» አልኳት።

ዕድሜዬን ሙሉ ለነገ ስቆጥብ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያን ቀን አልቆጠብኩም። ጠየቅኋት፣ ጠየቅኋት፣ በየጊዜው ያንኑ አለችኝ፤ ደህና ሁኚ ቆጥቋጣዬ። በዘጠነኛው ላይ መልስ አልሰጠችም። አዲሷን ሳጥን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ፣ ሰዓቷን ሞላሁላት፣ መሥራቷን አረጋገጥኩ፣ ለነርሷ አስፈረምኩ።

ከዚያ ወዲህ ቆጥቋጣ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም።